የኦቦ ቶለራ ዘጠና አንድ በመቶ

ባለፈው ማክሰኞ የቢሮዬ አሮጌ ኮምፒውተር ማጓራት ጀመረና፣ የጥገና ክፍሉን ሰው ጠብቄ ጠብቄ ሲሰለቸኝ የጎን ክዳኑን ራሴ ፈታሁት። ውስጡ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። በቀለም ብሩሽ ጠራርጌ፣ መልሼ ገጥሜ፣ ማብሪያውን ስጫነው ከጀርባው የጋለ አቧራ ሽታ ቡን ብሎ ወጣ፤ ትንሽ የተለበለበ ላስቲክ፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ የመታው ምንጣፍ የሚሸት። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይከፍት ነበር። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ሽቶ ማግሁት። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እዚሁ አምቦ ቁጭ ብዬ አምቦ ናፈቀችኝ ብላት አብዳለች ትላለች። «ደህና ነኝ» አልኳት።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በነበሩት ዓመታት የእናቴ ታናሽ ወንድም ፈይሳ ወደ ጉደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ነበር። የእናትን ወንድም በኦሮምኛ «ኤሱማ» ነው የምንለው፤ እኔም በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ደግሜ ልፈተን ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበርና እናቴ «እዚህ ተጎልተሽ ከምትነጫነጪብኝ ሂጂና ኤሱማሽን አግዢ» ብላ ሰደደችኝ። ላግዝ ሄድኩ፤ በሁለተኛው ወር ግን ቤቱን የማዘው እኔ ሆንኩ። ኤሱማ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲጠግን ስለሚውል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ድምፅ እንደሚቀንስ፣ ማን ቆሎውን ኪቦርድ ላይ እንዳያራግፍ የሚነገረው በእኔ አንደበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ የክፍል ኃላፊም ተብዬ አይቻለሁ፣ ያን ያህል ሥልጣን ግን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሆዳቸው ወደ ኋላ የተገፋ አራት ስክሪኖች፣ ፊደላቸው በጣት ተልጦ ያለቀ ኪቦርዶች፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ በሩ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ የተሰቀለ አበባማ መጋረጃ። አራቱንም ኮምፒውተሮች የምትመግበው አንዲት የስልክ መስመር ነበረች። እሷም ከጀርባ ካለው ከኤሱማ መኖሪያ ቤት ስልክ ጋር አንድ ስለሆነች፣ ሚስቱ ዘነቡ ጉደር ያለችውን እህቷን ልታናግር እጀታውን ስታነሳ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል። ያኔ አራት ሰው ባንድ አፍ «ኧረ ስልኩን አስቀምጪው!» ብሎ ይጮሃል። እሷም ከጓሮ «እናንተ ከዓለሙ ሁሉ ጋር ስታወሩ እየዋላችሁ እኔ እህቴን ደህና አደርሽ ብላት ምን ትሆናላችሁ!» ብላ ትመልሳለች። እውነቷን እኮ ነው።

ዳውንሎድ ማኔጀር ከመምጣቱ በፊት የነበረውን መከራ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ሰውየው አንድ ነገር ሊያወርድ ጠዋት ይጀምራል፤ ሰባ በመቶ ሲደርስ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ኮኔክሽን ይቆረጣል፣ ወይ ዘነቡ እህቷ ትናፍቃታለች፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ደረጀ የሚባል ልብስ ሰፊ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠፍቶበት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደጃችን ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የሚገርመው ውጤቱን ያውቀዋል! ማን እንዳሸነፈ ከተማው አውርቶ አውርቶ ሰልችቶታል። ደረጀ ግን «መስማትና ማየት አንድ ነው እንዴ?» ይል ነበር።

ታዲያ ኤሱማ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ለሚስቱ ጫማ ለእኔ ደግሞ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ በማርከር «ጠቃሚ» ተብሎ ተጽፎበታል። እውነትም ጠቃሚ ነበር፤ ሃያ የሚሆኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች ታጭቀውበታል። ትልቁን ፋይል ጠቅልሎ የሚያሳንስ አለ፣ ቫይረስ የሚያሳድድ አለ፣ የጠፋ ፎቶ ፈልጎ የሚያመጣ አለ፣ ሰው ኮምፒውተሩን ትቶ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ዓሣ የሚያዋኝ አለ። አንድ ሙሉ ሳምንት እንደ አዲስ ሙሽራ ዕቃ እያወጣሁ እያገላበጥኩ አየኋቸው። የሁሉም አለቃ ግን ዳውንሎድ ማኔጀሩ ነበር። ኤሱማ «ጎታቹ» አለው፣ እኛም ጎታቹ ብለን ቀረን። ጎታቹ ፋይሉን ቆራርሶ በየቁራጩ ይጎትታል፤ መስመር ሲቆረጥ አይደነግጥም፣ የደረሰበትን ይዞ ይጠብቃል፤ በማግስቱ «ሪዙም» የምትለዋን ስትነካው ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያ ቀን ደረጀ ጨዋታውን በአርባ ሁለት በመቶ ጥሎት ሄዶ በማግስቱ ከአርባ ሁለት ሲቀጥል ሲያይ እኔን ሊስመኝ ምንም አልቀረው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን አንድ ልማድ ተፈጠረ። ጅምሩ ያለው ባንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነውና ሰው ሁሉ የራሱ ኮምፒውተር ይኖረው ጀመር። ከደብተር ቀጭን ወረቀት ቀድጄ ስሙንና የደረሰበትን በመቶ እጽፍና ስክሪኑ ግንባር ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይቀየራል። የሌላ ሰው ጅምር መንካት ነውር ሆነ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «አካም ቡልተን» ከሚለው ሰላምታ ቀጥሎ «ሜቃ ጋኤ?» ይባባላል፤ ስንት ደረሰልህ ማለት ነው። «ሰማንያ ሁለት!» ሲባል «እሰይ፣ በርታ» ይባላል። መዝሙር የሚያወርደው ወንጌላዊ ስንት እንደደረሰ ሥጋ ቤቱ ያውቃል፣ የደረጀን የባንኩ ዘበኛ ያውቃል። የሰው ናፍቆት እንዲህ ግንባር ላይ ተለጥፎ ሲነበብ ደስ ይል ነበር።

ኦቦ ቶለራ የመጡት በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ነው። ከጎጆ ነው የመጡት፤ ከአምቦ በስተ ሰሜን ካለችው፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብረው ከተማ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው «የኬሚስትሪ መምህር ነኝ» ሲሉኝ እኔ ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ ኬሚስትሪ ነው ነጥቤን የበላው። ከደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። በክረምት ሥልጠና ላይ አንድ አሠልጣኝ የሰጧቸው የኢንተርኔት አድራሻ ነው፣ ሁለት መስመር ሙሉ፣ በጥንቃቄ በእጅ የተጻፈ። የላቦራቶሪ ሙከራዎችን የሚያሳይ የአንድ ሰዓት ፊልም ነበር። ስከፍተው የፋይሉን ትልቅነት አይቼ «ኦቦ ቶለራ፣ ይሄ እኮ ወራት ይፈጃል» አልኳቸው። «እኛ ጎጆ መንገድ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ ልጄ ነው የሚሉኝ።

ለምን እንደፈለጉት የነገሩኝ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በየዓመቱ ያቺ ምዕራፍ ስትደርስ ሰሌዳው ላይ የውሃ ሳህን ይሥላሉ፣ በቢጫ ጠመኔ እሳት ይሥሉበታል፣ ሶዲየም የሚባል ብረት ውሃ ላይ ሲጣል ይነድዳል ብለው ያስተምራሉ። ዘንድሮ ታዲያ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» አለቻቸው። ኦቦ ቶለራ አላዩም። ኮሌጅ በነበሩ ጊዜ እንኳ ሶዲየሙ ከእሳቸው በፊት በነበሩት ተማሪዎች አልቆ፣ ያዩት ስሙ የተለጠፈበትን ባዶ ጠርሙስ ነው። «አይቻለሁ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አሉኝ፤ «ግን ሳትሰለች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አላየሁም አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ተናድጄ፣ ሳትፈተኑ እናንተም እኔም እናየዋለን ብዬ ማልኩላቸው።» ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ባርኔጣቸውን ግን ጭናቸው ላይ ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከተፈተነ በኋላ ይበተናል፤ ከመካከላቸው ስንቱን ዳግመኛ ሊያገኙት ነው?

አራተኛውን ኮምፒውተር ሰጠኋቸው፤ ጥግ ላይ ያለውን፣ ከሁሉ ደህነኛውን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአይሱዙ ተንገጫግጨው፣ ካፖርታቸው አቧራ ለብሶ ይመጣሉ፤ ወንበሩን ጠርገው ይቀመጡና ሌላ ምንም ሳያደርጉ የጎታቹን አረንጓዴ መስመር ያያሉ። ኢሜይል የላቸውም፣ ዜና አያነቡም። እንደ ሕፃን እንቅልፍ ይጠብቁታል። እሳቸው በሌሉበት ደግሞ ደንበኛ ሲሳሳ እኔ እጎትትላቸዋለሁ። ሲመጡ ወረቀቱ ላይ ሠላሳ አራት፣ ሲመጡ አርባ ዘጠኝ፣ ሲመጡ ስድሳ ሰባት። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ከካፖርታቸው ኪስ አንድ አንድ የተቀቀለ ድንች እያወጡ ለእኔም ለደረጀም ለወንጌላዊውም ያድላሉ። የጎጆን ድንች ያልበላ ድንች በላሁ አይበል። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጃቸው ወረቀቱን ቀይረው ዘጠና አንድ ብለው ጻፉበት፤ የመምህር ቁጥር፣ ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ የተሰመረበት።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንምጣ። «ጠቃሚ» ከሚለው ሲዲ ውስጥ ከጎታቹ ቀጥሎ የምወደው አንድ የማጽጃ ፕሮግራም ነበር። የመጥረጊያ ሥዕል ነበረው፤ ስትነካው የኮምፒውተሩን ጓዳ ጎድጓዳ ፈትሾ ይህን ያህል አላስፈላጊ ነገር አግኝቻለሁ ይላል፣ እሺ ስትዪው ጠራርጎ ይጥላል። እናቴ ደግሞ ያሳደገችን በዓል ከመድረሱ በፊት ቤቱ ተገልብጦ ካልጸዳ በዓሉ አይገባም ብላ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ኢንተርኔት ቤቱን ዘጋሁና፣ ወለሉን አጥቤ፣ መጋረጃውን አውርጄ፣ ስክሪኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ ውጫቸው ጸድቶ ውስጣቸው ቢቆሽሽ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ከአራተኛው ጀመርኩ፤ ሰሞኑን ሆዱ ሞልቶ እየተንቀራፈፈ ነበርና። መጥረጊያው ፈተሸ ፈተሸና አይቼው የማላውቀውን ያህል ብዙ አላስፈላጊ ነገር አገኘሁ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! «አንተ ቆሻሻ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመህ ነው እንዴ!» ብዬ እሺ አልኩት። ወደ ሦስተኛው ስዞር እናቴ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አጣሁ ብላ ጠራችኝ። የቀሩት ሦስቱ የተረፉት በሽንኩርት ነው።

ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ ቤቱን ከፍቼ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ለኦቦ ቶለራ ልጎትትላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ጎታቹ ዝርዝሩ ላይ ፊልሙን እንደነበረ ያሳያል፣ ዘጠና አንድ። «ሪዙም» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ አረንጓዴው መስመር እልም ብሎ ጠፋና ዜሮ አለኝ። ዘግቼ ከፈትኩት፣ ዜሮ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ዜሮ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጎታቹ ጅምሩን ቆራርሶ የሚያስቀምጥበትን ቦታ መጥረጊያው እንደ ጥራጊ ቆጥሮታል፤ የስድስት ወር ቁርጥራጭ፣ የስንት ቅዳሜ አይሱዙ፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ንጽህና፣ ለበዓል ተብሎ ተጠርጎ ተጥሏል። የጠፋ ፈልጎ የሚያመጣውን ፕሮግራም ከሲዲው አውጥቼ ለቀቅሁበት፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶ አመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ነጥብ ያጣሁ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ኤሱማ መጥቶ ሲሰማ በመጀመሪያ ጮኸብኝ፣ ቀጥሎ ራሱን ያዘ፣ ቀጥሎ አዘነልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቫይረስ በላው በያቸው» አለኝ። ያኔ ቫይረስ የማያደርገው ነገር አልነበረም፤ መብራት ቢጠፋም ቫይረስ ነው ቢባል የሚያምን ነበር። እኔም ተስማማሁ። አራት ቀን ሙሉ ውሸቷን ተለማመድኳት፤ እቃ ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ «አይ ኦቦ ቶለራ፣ ምን ላድርግ ብለው ነው፣ ቫይረስ ገብቶ» እያልኩ። ስክሪኑ ግንባር ላይ ያለውን ዘጠና አንድ ግን ላነሳው አልቻልኩም።

ቅዳሜ መጡ። ተራቸው በበዓሉ ዋዜማ ውሎ ስላለፋቸው፣ እንኳን አደረሳችሁም ሊሉን። ትከሻቸው ላይ ግማሽ ጆንያ ድንች አለ፤ «የበዓል ነው፣ ለእናትሽ» ብለው በሩ ሥር አወረዱት። ላባቸውን ጠረጉና፣ ፈገግ ብለው፣ ወደ ጥጉ እያዩ «ሜቃ ጋኤ?» አሉ። የተለማመድኳት ውሸት ከአፌ አልወጣ አለች። «ኦቦ ቶለራ፣ አጠፋሁት» አልኩ። «እኔ ነኝ። ለበዓል ኮምፒውተሩን ሳጸዳ አብሬ ጠርጌ ጣልኩት።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከዜሮ?» አሉኝ። «ከዜሮ።»

ቢቆጡኝ እወድ ነበር። በሽቦ የታሰረችው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው «ሊፈተኑ የቀራቸው አምስት ሳምንት ነው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ። «ምን እላቸዋለሁ?» እኔ እንባዬን በሹራቤ እጅጌ እጠርጋለሁ፣ መጥረጌን ደግሞ አልተውም።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ደረጀ ተቀምጦ ነበር። አዲስ ጨዋታ ጀምሮ፣ የዋንጫ፣ ዘጠና ሰባት በመቶ ደርሶለታል፤ ለዚያች ለመጨረሻዋ ቀን ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ዞር አለና ኦቦ ቶለራን አያቸው፣ እኔን አየኝ፣ ስክሪኑን አየ። «ይሄን ነገር ሁላችንም ብናቆመው መስመሩ ለሳቸው ብቻ ይሆናል አይደል?» አለኝ። ይሆናል አልኩት፤ አንዷን መስመር አራት ሰው እየተሻማ ነው እንጂ ለብቻው የሚጎትት ሰው አምስት ሳምንት ሊበቃው ይችላል። ደረጀ «ፓውዝ» የምትለዋን ተጫነ፤ አረንጓዴው መስመር ዘጠና ሰባት ላይ ቆመ። «መምህር፣ እኔ እንደሆነ ውጤቱን አውቀዋለሁ» አላቸው። «እርስዎ ይቅደሙ።» ወንጌላዊውም ሰማንያ ስምንት ላይ መዝሙሩን አቆመ፣ ሦስተኛው ላይ የነበረችው የነርስ ተማሪም የራሷን አቆመች። ኦቦ ቶለራ ተነስተው አንድ በአንድ ጨበጧቸው። ሲጨብጡ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ነበር፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው፤ ደረጀ እኮ የልጃቸው እኩያ ነው።

ስለዚያ አምስት ሳምንት ባወራ አይበቃኝም። ወሬው ከተማውን አዳረሰና ሰው እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ «የመምህሩ ስንት ደረሰ?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል። ጅምር ያለው ሁሉ ጅምሩን አስቀምጦ ይጠብቃል። ኤሱማ ገቢው ቢቀንስም አፉን አልከፈተም። ዘነቡም የስልኩን እጀታ በሻሽ ጠፍራ አሰረችውና እስኪያልቅ አልነካችውም፤ በሦስተኛው ሳምንት እህቷ ምን ሆናችሁ ብላ እያለቀሰች ከጉደር መጣች። መጥረጊያውን ከአራቱም ኮምፒውተሮች ነቅዬ ጣልኩት። አረንጓዴው መስመር ጥግ ሲደርስ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር፤ ደረጀ የሚለካውን ሰው ከነሜትሩ ትቶ ሮጦ መጣ።

ፊልሙ በነበረን ፍላሽ አልገባም፣ ትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር አልነበረውም። ስለዚህ አራተኛውን እንዳለ ነቅለን፣ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ፣ ስክሪኑን በኦቦ ቶለራ ካፖርት ጠቅልለን፣ አርብ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጫንነው። ስክሪኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ጎጆ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ሄድኩ፤ በየጉድጓዱ ኤሱማና ኦቦ ቶለራ ከግራና ከቀኝ ይደግፉታል። ጎጆ በጭጋግ ተሸፍና ነበር፣ የገብሱ ማሳ እንኳ አይታይም። ትምህርት ቤቱ መብራት ስላልነበረው የቸርቹ ሰዎች ለመዘምራን ድምፅ ማጉያ የሚያስነሱትን ጄኔሬተር ተሸክመው አመጡ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ የሚበልጡ ልጆች ተጠቅጥቀው፣ መስኮቱ በጆንያ ተጋርዶ፣ ትንፋሻቸው ክፍሉን አሙቆታል። ያቺ ጠያቂ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅኋት፤ ከፊት፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ፊልሙን ለቀቅሁት። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ከዘይት ውስጥ ሽንብራ የምታህል ቁራጭ በወረንጦ አውጥቶ ሰፊ ሳህን ውሃ ላይ ጣላት። ቁራጯ ክብ ሆነች፣ እየተንሾካሾከች ውሃው ላይ ወዲያ ወዲህ ሮጠች፣ ከዚያ ቦግ ብላ በቢጫ ነደደች። ሰባ ልጅ ባንድ ጊዜ ጮኸ። እኔ ግን አጠገቤ የቆሙትን ኦቦ ቶለራን ነበር የማየው። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይርገበገባል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ «ቲቸር! ቲቸር!» ይላሉ፤ እሳቸው አይሰሙም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንት ሺህ ልጅ እውነት ነው ብለው የማሉለትን ነገር ገና አሁን ማየታቸው ነው። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው፣ «ዱጋዱማ» አሉ። እውነት ነው ለካ ማለታቸው ነው።

ኦቦ ቶለራ ጡረታ ወጥተው ጥቂት ዓመት ኖሩና አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ደረጀም ኤሱማም እኔም ነበርን። ኢንተርኔት ቤቱ ዛሬ የስልክ ካርድና መሸፈኛ መሸጫ ሆኗል፤ መስመሩ ፈጥኖ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይዞ፣ መጠበቅ ሲቀር እኛ ዘንድ የሚመጣም ቀረ። ፈጥኗልና ደግ ሆነ እላለሁ፣ የድሮውን መከራ የምመኝ ሞኝ አይደለሁም። ግን ማክሰኞ ዕለት፣ ያ ሽታ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ፊልሙን በስልኬ ፈለግሁት። ጽፌ ሳልጨርስ መጣልኝ። አንድ ሰዓቱ ሁሉ አያስፈልገኝም፣ ያቺን ቦታ ነክቼ አወጣሁት፤ ነጭ ካፖርት፣ ወረንጦ፣ ሳህን። ቁራጯ ውሃው ላይ መሮጥ ስትጀምር «ኧረ ይሄን እዩልኝ» ልል ቀና አልኩ። ቢሮው ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፤ ሁሉም በየስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ጆሮው ተደፍኗል፣ ማን ምን እንደሚጠብቅ፣ ማን ምን እንደናፈቀው የሚያውቅ የለም። መልሼ ዝቅ ብዬ አየሁ። ሶዲየሙ ብቻዬን እያየሁት በርቶ ጠፋ።